የፈረቃ ቅያሬያችንን መልሱልን፦ ስለ ገና አከባበር ለፋብሪካችን ሥራ አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የፋብሪካችን ሥራ አመራር አባላት፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የሠራተኞች መረዳጃ ዕድር አባላት ነን። የሠራተኛ ማኅበር የለንም። ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክለው፣ ሲታመም የምናዋጣው፣ ሲከፋንም የምንጽፈው እኛው ነን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ላይ ነው ያለው።

ጉዳዩን መጀመሪያ በቃል አነሳን። ቀጥሎ በጽሑፍ ለሰው ኃይል ክፍል አስገባን። «ይታያል» ተባልን። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን የታኅሣሥ የፈረቃ ፕሮግራም ሊለጠፍ ስለሆነ በግልጽ ለመጻፍ ተስማማን። የፋብሪካውን ስም አልጠራንም፤ ስም የማጥፋት ሐሳብ የለንም። እናንተ ግን ማንን እንደምንል ታውቃላችሁ።

ነገሩ የመጣው አምና ኅዳር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ለበዓል ተብሎ ፈረቃ መቀያየር ቀረ። ዕድሩ በየበዓሉ በግቢው ያዘጋጀው የነበረው ምሳና ቡናም ቀረ። በምትኩ በዓመት አንድ ቀን «የበዓላት የጋራ ዝግጅት» ይደረጋል፣ ለዚህም ከደሞዝ ይቆረጣል ተባለ። ምክንያቱ በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ልዩነት ላለማድረግ ነው ይላል ማስታወቂያው።

ምክንያቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ክፉ አይደለም። የሆነውን ግን እንንገራችሁ።

ከሁሉ የከበደን የፈረቃው ነው። ማሽኑ ቀንና ሌሊት ይሠራል። በበዓል ቀን የሚቆም ክፍል አለ፣ የማይቆም ክፍል አለ። በማይቆሙት ክፍሎች የነበረው አሠራር ቀላል ነበር። ገና ሲሆን ሙስሊሙ ይገባል። ዒድና አረፋ ሲሆን ክርስቲያኑ ይገባል። ለመውሊድ እዚሁ ወሎ ወዳለው ጀማ ንጉሥ የሚወጣ ሰው ካለ አስቀድሞ ይናገራል፤ መውሊድን የማያከብር ሙስሊም ባልደረባው ራሱ የሚሸፍንለት ጊዜም ነበረ። (እነሱ እርስ በርስ ይከራከሩበታል፣ ከዚያ ደግሞ ይሸፋፈናሉ።) ማንም አዞን አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ይስማማሉ፣ ለፈረቃ ኃላፊው ይነግራሉ፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ። በዚህ ምክንያት የቆመ ማሽን የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው የሰዓት ክፍያው እጥፍ ነው። ስለዚህ የገባውም ቅር አይለውም፣ የቀረውም አይሳቀቅም።

አሁን ፕሮግራሙ ከኮምፒውተር ይወጣል። የማንንም ሃይማኖት አያይም። እኩልነት ማለት ይሄ ነው ተባልን።

ምን እንደሆነ እንይ። ገና የሚከበረው ሌሊት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ጾሞ፣ በዋዜማው ማታ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ማኅሌቱም ቅዳሴውም ሌሊት ነው። የሚገደፈው ከቅዳሴ በኋላ ነው። እናንተ ግን የቀን ፈረቃውን አሳረፋችሁና «በዓሉን ሰጥተናችኋል» አላችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሰው የቀረው በዓል እንቅልፍ ነው።

ፈትል ክፍል የምትሠራ እህታችን አምና የገና ዋዜማ ሌሊት ወጣባት። በርበሬ ወንዝ አካባቢ በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ሙስሊም ባልደረባችን «እኔ እገባልሻለሁ» አላት። በፊትም ያደርገው ነበር። ማታ መታወቂያውን ይዞ በር ላይ ደረሰ። ጥበቃው ዝርዝሩን አየ፣ ስሙ የለም፣ መለሰው። እሷ ገብታ ሌሊቱን ስትሠራ አደረች። እሱ ቤቱ ሄዶ ተኛ። እስቲ ከዚህ የተጠቀመውን ሰው አሳዩን። ፋብሪካው እንኳን አልተጠቀመም፤ ለእሷም ለእሱም የሚከፈለው ያው ነው።

በዒድ አልፈጥርም ከዚህ የተለየ አልገጠመንም። የዒድ ሶላት በጠዋት ነው። ቀኑ የሚታወቀው ደግሞ ጨረቃ ስትታይ፣ በዋዜማው ምሽት ነው። ከወር በፊት የተለጠፈ ፕሮግራም ይህን ከየት ያውቃል? ድሮ ማታ ስልክ ይደወላል፣ «ነገ ነው» ይባላል፣ ክርስቲያኑ ጫማውን አስሮ ይመጣል። አምና ግን ማቅለሚያ ክፍል ያለ ወንድማችን የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ወጣ፤ ቤቱ ሄዶ ታጠበ፣ ልብስ ለወጠ፣ ወደ መስገጃው ሮጠ። ሲደርስ ሰው እየተቃቀፈ እየተመለሰ ነበር። ልጆቹ ከጎረቤት ጋር ሄደው ነው የሰገዱት።

ኮምፒውተራችሁ ገናንም በደንብ አያውቀውም። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። የፕሮግራም ክፍሉን ስንጠይቅ ሲስተሙ ላይ የተሞላው 29 ብቻ ነው አሉን። ይህን የሚያስተካክል ሰው ይኖር ይሆናል። እስከዚያው ግን ሁለት ሰዎች ተነጋግረው ቢፈቱት ይቀል ነበር።

ነባር ሠራተኞች የሚያወሩት አንድ ነገር አለ። በ1992 ገናና ዒድ አልፈጥር ጎን ለጎን ዋሉ። ገና ዓርብ፣ ዒድ ቅዳሜ። የገና ሌሊት ሙስሊሞቹ ገቡ፣ ሱሁራቸውን (ጾም ከመያዛቸው በፊት የሚበሉትን) እዚያው ማሽን ስር በልተው። ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ መጡ፣ በሉ፣ ተኙ፣ ማታውኑ ተነሥተው የዒዱን ዋዜማ ያዙ። ሁለት ቀን ሙሉ ፋብሪካው ሲንቀሳቀስ ከአለቃ ቢሮ አንድ ወረቀት አልወጣም ይላሉ። የሒጅራው ዓመት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚሄድ እንዲህ ያለው ጊዜ ይመለሳል። በ2023 እና በ2024 ገና በረመዳን ውስጥ ይውላል። ያኔ ክርስቲያኑ ሲገድፍ ሙስሊሙ ይጾማል። አንድ ዓይነት ዝግጅት ለሁሉም የሚለው አሠራራችሁ ያን ቀን ምን እንደሚያደርግ እስካሁን አልገባንም።

ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። ያደረጋችሁት አምና ታኅሣሥ 16፣ በፈረንጆቹ ገና ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ ረቡዕም በላዩ ላይ አለ። አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ዛፍ ቆሟል። በረዶ እንዲመስል ጥጥ ተበትኖበታል፤ ጥጡ ከኛው ክፍል የሄደ ነው። አስተናጋጆቹ ቀይ ቆብ አድርገዋል። ገበታው ላይ ዶሮ ወጥና ጥብስ ተደርድሯል።

ኦርቶዶክሱ ይጾማል፣ አልበላም። ሙስሊሙ ማን እንዳረደው ስላላወቀ አልበላም። ሁሉም ዳቦና ለስላሳ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሥጋውን ያለ ሐሳብ የበሉት ፕሮቴስታንት ባልደረቦቻችን ናቸው። «ዛሬስ አዳራሹ የኛ ነው» ብለው ሳቁብን፤ እኛም ሳቅን። እነሱም ቢሆኑ ገናቸው ታኅሣሥ 29 ነው።

የማያስቀውን እንናገር። ማሸጊያ ክፍል ያለ አንድ ወጣት ሙስሊም ባልደረባችን ጥብሱን በላ። በላው ማለት፣ «ለሁሉም የሚሆን ነው» ስለተባለ አምኖ በላ። ማታ አንድ አስተናጋጅ ያረደው ክርስቲያን መሆኑን ነገረው። ልጁ ለቀናት ከሰው ጋር አላወራም። ከናንተ በኩል አንድም ሰው ጠርቶ አላናገረውም። ለናንተ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በዚህ አገር ግን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ክርስቲያን ሆኖ በሙስሊም የታረደ ቢሰጡት ያው ነው።

እኛ እንዴት እናደርገው እንደነበር ብትጠይቁን ኖሮ እንነግራችሁ ነበር። ዕድሩ ለገና ምሳ ሁለት በግ ይገዛል። አንዱን ሙስሊም ያርደዋል፣ አንዱን ክርስቲያን። ቢላው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ። እንዳይምታታ የአንደኛው ጭልፋ እጀታ ላይ ጨርቅ ይታሰራል። የእስላሙ ይሄ ነው፣ የክርስቲያኑ ያ ነው ተብሎ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ከዚያ ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ቄጠማ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ምሳው የሚደረገው ከበዓሉ ማግስት ነው፣ ጾሙ ካለፈ በኋላ። ቡናው ይፈላል፣ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ይመርቃሉ። ለዒድም ያው ነው፣ ጋባዡ ብቻ ይቀየራል። ገና የክርስቲያኑ በዓል መሆኑ አይደበቅም። ሙስሊሙ እንግዳ ነው፣ እንደ እንግዳም ይከበራል።

አንድ ድስት ብቻ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ካላችሁም መፍትሔው ቅርብ ነበር። በዚያው ጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን አስቀርባችሁ ቢሆን ሁላችንም ጠግበን እንወጣ ነበር። ይህን እንኳን ወጥ ቤት ያሉት እናቶች ነግረዋችኋል፤ የሰማቸው የለም።

ሌላው መገኘትን ግዴታ ማድረጋችሁ ነው። በር ላይ ፊርማ ነበር። ያልፈረመ ከሥራ እንደቀረ ይቆጠራል ተባለ። ከሙስሊም ባልደረቦቻችን ውስጥ የሌላ እምነት በዓል ላይ መገኘትን የማይቀበሉ አሉ። እንዲህ የሚሉትን ቅር ብለንባቸው አናውቅም። ዛፍ ስር መቆም የማይፈልገው ያው ሰው ገና ሌሊት ፈረቃችንን ይሸፍንልን ነበር። እናንተ የቻለውን ከለከላችሁትና የማይችለውን አዘዛችሁት።

ይባስ ብሎ ፎቶ ተነሣ። ሂጃብ ያደረገች እህታችን እጅ ላይ ሻማ አስያዛችሁ፣ ዛፉ ጎን አቆማችኋት። እምቢ ለማለት አፈረች፤ አለቆቿ ፊት ለፊት ቆመዋል። ፎቶው ታትሞ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ ስለ ወሎ አብሮነት የሚያወራ ጽሑፍ አለ። ገዢ ሲመጣ እዚያ ጋ ይቆምና ይደነቃል። ልጅቷ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ስትሄድ በዚያ ማለፍ ስለማትፈልግ በጀርባ በር ትዞራለች። ፎቶው እስከ ዛሬ አልወረደም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አንልም። ከእያንዳንዳችን 400 ብር ከደሞዝ ተቆርጧል። የፈረመ የለም። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ወይም ሌላ ሕጋዊ መሠረት ሳይኖር ከደሞዝ መቁረጥን አይፈቅድም። በዚያ ገንዘብ ያልበላነውን ዶሮ ከፈልን።

በስብሰባ ላይ ስንጠይቅ አንድ ኃላፊ «በሠለጠነው ዓለምም እንዲህ ነው የሚደረገው» ብለውናል። ይህን ትንሽ እናውራበት። አሜሪካን ያልን እንደሆነ፣ እዚያ ክርክሩ የመንግሥት ሕንፃ ላይ ስለሚቆም ነገር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ከተማ የክርስቶስን ልደት የሚያሳይ ምስል ከሌሎች ማስጌጫዎች ጋር እንዲያቆም ፈቀደ። በ1989 ደግሞ ፒትስበርግ ውስጥ እንዲህ ያለውን ምስል ለብቻው በፍርድ ቤት መወጣጫ ደረጃ ላይ ማቆምን ከለከለ፤ ከሌላ ሕንፃ ደጅ ያለውን የገና ዛፍና ከጎኑ የቆመውን የአይሁድ መቅረዝ ግን አለፈው። የነሱ ጥያቄ መንግሥት ለአንድ ሃይማኖት ያደላ እንዳይመስል ነው። ለነሱ ተገቢ ጥያቄ ይሆናል። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሌሊት ማሽኑ ላይ ማን ይቆማል የሚል ነው። የነሱን መልስ ለኛ ጥያቄ አመጣችሁት።

በዛፉም አልተጣላንም። የሚወደው ሰው ቤቱ ውስጥ ያቁመው፤ ከኛም ውስጥ ለልጆቹ የሚያቆም አለ። ለኮምቦልቻ ሙቀት በረዶ ማስመሰሉ ግን ትንሽ አስቆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። በዚህ አገር ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው የታወቁት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች በሰልፍ ከጠየቁ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነው። የተጠየቀው እያንዳንዱ በዓል በስሙና በቀኑ እንዲታወቅ ነበር። እናንተ በሃይማኖት አናዳላም ብላችሁ ዒዱንም ገናውንም ታኅሣሥ 16 ላይ አንድ ላይ ጠቀለላችሁት። ሙስሊም አባሎቻችን ከክርስቲያኖቹ ባልተናነሰ የተቆጡት ለዚህ ነው፤ ይህን ደብዳቤ እንጻፍ ብለው መጀመሪያ ያነሡትም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የፈረቃ ቅያሬው ይመለስ። ሁለት ሠራተኞች ፈርመው ለፈረቃ ኃላፊው እስከሰጡ ድረስ በር ላይ ያለው ጥበቃ ያስገባቸው። ለዒድ ጨረቃዋ በታየችበት ማታ የሚደረግ ቅያሬ በስልክም ይፈቀድ፤ ፊርማው በማግስቱ ይሟላል። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሥራ በሚያውቅ ሰው ብቻ እንዲተካ እኛው ዋስትና እንሰጣለን። በፊትም እንደዚያ ነበር።

የገና ዋዜማ ሌሊትና የዒድ ዋዜማ ሌሊት በፕሮግራሙ ላይ እንደ በዓሉ አካል ይቆጠሩ። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ነው። ጥያቄው የሚነካው ማክሰኞ ማታ የሚገባውን ፈረቃ ነው፤ እሱን ከወዲሁ አስተካክሉልን።

ዕድሩ የገናን ምሳ ሐሙስ ታኅሣሥ 30፣ በምሳ ሰዓት፣ በራሱ ወጪ በአዳራሹ እንዲያደርግ ይፈቀድለት። የዒዱም እንዲሁ። ሥራ አመራሩ መጋበዝ ከፈለገ ደስ ይለናል፤ ቀኑን ግን ጾሙንና ረመዳኑን አይታችሁ ቁረጡ፣ ምግቡን ደግሞ ከወጥ ቤቶቻችን ጋር ተማከሩ። የመጣ ይምጣ፣ ያልመጣ አይቆጠርበት።

የእህታችን ፎቶ በዚህ ሳምንት ይውረድ። ይህ ጥናትም ስብሰባም አይፈልግም፤ መሰላል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጥብሱን የበላውን ወጣትም ከናንተ አንድ ሰው ጠርቶ ያነጋግረው፣ ይቅርታም ይጠይቀው።

የተቆረጠው 400 ብር በኅዳር ደሞዝ ላይ ይመለስ። ካልተመለሰ ጉዳዩን የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው አካል እንደምናቀርብ ከወዲሁ እናሳውቃለን።

መልሳችሁን የታኅሣሥ ፕሮግራም ከመለጠፉ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። መነጋገር ከፈለጋችሁ የዕድሩ ኮሚቴ በማንኛውም ቀን ከሁለተኛው ፈረቃ መግቢያ በፊት ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

የሠራተኞች መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
የዕድሩ ጸሐፊ (ደብዳቤውን ያዘጋጀ)
የዕድሩ ገንዘብ ያዥ
የሦስቱም ፈረቃዎች የዕድር ተወካዮች